በገብስ ማሳ ላይ የሰጠመው አብራሪ

ማንሲ ፍሌት ሁለት ጊዜ ሞቷል። የመጀመሪያውን ሞቱን አባቴ በድንጋይ ላይ ቀረጸው፤ ሁለተኛው ሲመጣ ደግሞ የአባቴን ሥራ የፋቅሁት እኔ ነኝ። እኛ ቤት ሥራችን ይኸው ነው። አያቴም አባቴም እኔም ከእንግሊዝ አገር በስተሰሜን ባሉት የኦርክኒ ደሴቶች ለሞተ ሰው ስም ስንቀርጽ ኖረናል። ወረቀት የሚጽፍ ሰው ቢሳሳት ይሰርዛል፣ ይደልዛል፣ ከባሰበትም ይቀድደዋል። እኛ አንድ ፊደል ከሳትን ድንጋዩ ለአሳማ ገንዳ መክደኛ ከመሆን ሌላ ዕጣ የለውም። ስለዚህ ለወረቀት ሰዎች ብዙ ፍቅር የለኝም፤ ይህን ታሪክ ስነግር ድምፄ ከፍ ካለ ይቅር በሉኝ።

ማንሲ የተወለደው ኩርቢስተር በሚባለው ሰበካ፣ ከባሕሩ አፍ ላይ ባለ እርሻ ነው። ጎህ ሲቀድ በሩን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ባሕር ነው። እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ውሃ ላይ ሲወጣ ሆዱ ይገለበጣል። አንዴ ጥጃ ሊሸጥ ከአባቱ ጋር ወደ ጎረቤት ደሴት ሲሻገር ጥጃው በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሄደ፣ ማንሲ ግን ከጀልባው ወለል ላይ ተዘርሮ እንደ ሸቀጥ ተጓዘ። ከዚያ ወዲያ ሰበካው "ደረቅ እግሩ" እያለ ይጠራው ጀመር። እኛ ዘንድ ዓሣ አጥማጅ ያልሆነ ወንድ ገበሬ ነው፤ ሁለቱንም ያልሆነ ደግሞ ቄስ ነው። ማንሲ ገበሬ ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ አርቆ አሰበና አየር ኃይል ልግባ አለ። ሰማይ ላይ ማዕበል የለም ብሎ ነው። በመርከብ እያስመለሰው ወደ አበርዲን ከተማ ተሻግሮ ከመዝጋቢው መኮንን ፊት ቆመ። መኮንኑ ከየት እንደመጣ ጠየቀው። ከኦርክኒ ነኝ አለ። ደሴት ነው ወይ? አዎ። መኮንኑ ብዕሩን አነሣና "ባሕር ኃይል" ብሎ ጻፈ። ማንሲ ደንግጦ ባሕር እንደማይስማማው ሲያስረዳ መኮንኑ ባሕር ታውቃለህ አታውቅም፣ አጭር መልስ ስጠኝ አለው።

"ተዋውቀናል፣ ጌታዬ" አለ ማንሲ።

መኮንኑም "ከባሕር ጋር የቆየ ትውውቅ አለው" ብሎ ጨመረበት። ወረቀት እንዲህ ነው።

ደግነቱ ባሕር ኃይሉም የራሱ አውሮፕላኖች ነበሩት፤ አብራሪ ይፈልግ ስለ ነበር ማንሲን ወስዶ አሠለጠነው። ያኔ ነው ጉዱ የታየው። ይህ በረጋ ውሃ ላይ የሚያስመልሰው ሰው አየር ላይ ሲወጣ ሆዱ ጸጥ አለ። የሰጡት አውሮፕላን ድርብ ክንፍ ያለው፣ በሸራ የተለበጠ፣ አብራሪዎቹ "ዘንቢል" የሚሉት ነበር፤ የማይሸከመው ነገር ስለሌለ። ነፋስ ሲበረታበት ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ቆሞ ይቀራል ይባላል። ማንሲ ግን ላሙን እንደሚነዳ ያህል በእርጋታ ይነዳው ነበር። አስተማሪዎቹ ወደዱትና የክንፍ ምልክት ሰፍተውለት "ዳነክ" በምትባል የንጉሡ መርከብ ላይ መደቡት።

መርከብ የሚለውን ቃል ሲያይ ማንሲ ለአባቱ የስንብት ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ በባቡር፣ ከዚያ በጀልባ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሲሄድ ሲሄድ መንገዱ እየታወቀው መጣ። መኪናው ሲቆም ፊት ለፊቱ አዲስ በር አለ፤ በበሩ ላይ "የንጉሡ መርከብ ዳነክ" ተጽፏል፤ ከበሩ ጀርባ ያለው የአባቱ የገብስ ማሳ ነው።

ባሕር ኃይል የራሱ ሥርዓት አለው። የባሕር ኃይል ሰው የመርከብ ሰው መሆን አለበት፣ መርከብ ከሌለም የተሰጠው ቦታ መርከብ ይባላል። የአየር ማረፊያ የተሠራበት ማሳ የወፍ ስም ወጣለትና መርከብ ሆነ። መሬቱ መሬት አይባልም፣ የመርከብ ወለል ነው። ከበሩ መውጣት "ወደ የብስ መውረድ" ነው። ወደ ከተማ የሚሄደው መኪና "ጀልባው" ነው፤ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ጀልባ አመለጠው ተብሎ ይቀጣል። ይህን የሚናገሩት ሳይስቁ ነው። አንድ መርከበኛ ጉም በበዛበት ዕለት ከበሩ ውጪ ጉድጓድ ውስጥ ቢወድቅ "ሰው ባሕር ገባ" ተብሎ ደወል ተደውሏል።

ችግሩ የማንሲ አባት ጋሽ ሲገርድ ነበሩ። ባሕር ኃይሉ ማሳውን ሲወስድ የላም በረቱ መካከል ላይ ቀረ። ስለዚህ ሲገርድ በቀን ሁለቴ ለማለብ መርከብ ላይ መውጣት ነበረባቸው፣ መርከብ ላይ የሚወጣ ሰው ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ሲገርድ ለሰው ቃል የሚሰስቱ፣ ለላም ግን የማይሰስቱ ሽማግሌ ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን ጠባቂው በር ላይ አገዳቸው። በረት ውስጥ ላሞቹ ጡታቸው ሞልቶ ይጮኻሉ።

"እኔ ላም ላልብ ነው እንጂ አትላንቲክን ልሻገር አይደለም" አሉ ሲገርድ።

"ጋሼ፣ ሥርዓት ነው" አለ ጠባቂው።

ሲገርድ ባርኔጣቸውን አወለቁና "መርከቡ ላይ ለመውጣት ፈቃድ እጠይቃለሁ" አሉ። እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ባልዲ ይዘው በቀን ሁለቴ ይህንኑ ሲሉ ኖሩ። ለላሞቹ ስለዚህ ነገር ምን እንደሚነግሯቸው ማንሲ ሰምቷል፤ እኔ አልጽፈውም።

አሁን ኢንጋ ሬንዳል ጋ ደረስን። ኢንጋ የኩርቢስተር ፖስታ ቤት የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበረች። አባቷና ሁለት ወንድሞቿ በአንድ ጀልባ፣ በአንድ ጠዋት ሰጥመዋል። የሞታቸው መልእክት ሲመጣ ቴሌግራፉ ፊት ተቀምጣ የነበረችው እሷ ናት፤ ስማቸውን ፊደል በፊደል እየሰማች በእጇ ጻፈችው። በዚያው ቀን፣ ውሃ ላይ የሚያድር ወንድ ባገባ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብላ ማለች። ሦስት የዓሣ አጥማጅ ልጆች ጠይቀዋት ሦስቱንም መልሳለች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ ኢንጋ ከውሃ ጋር መሳቅ ትታ ነበር።

ማንሲ ቴምብር እየገዛ ሲመላለስ (የቴምብሩ ብዛት ለሁለት ጦርነት ይበቃል) አንድ ቀን ጠየቃት። እሷም በመስኮቱ እያየች መርከብህ የት ናት አለችው። በጣቱ አሳያት። ያቺው ናት፣ ላም የቆመባት።

"ትንቀሳቀሳለች?" አለች።

"ነፋስ ሲበዛ ገብሱ ይንቀሳቀሳል።"

ኢንጋ ለሰባት ዓመት ያልሳቀችውን ሳቀች። ሆኖም ቃሏን አልረሳችም፤ ቀለበቱን ስትቀበል እውነተኛ መርከብ ላይ ከተመደብክ በዚያው ቀን እመልስልሃለሁ አለችው። ሰበካው ሁሉ ይህን ውል ያውቅ ነበር። ሠርጉ ለሚያዝያ ሁለተኛ ቅዳሜ ተቆረጠ።

በዚያ ክረምት ማንሲ አንድ የሚያስመሰግን ሥራ ሠራ። በጥር በረዶ ሲቃኝ የሰጠመች የጭነት መርከብ ስምንት ሰዎች በእንጨት ታንኳ ላይ ሲንሳፈፉ አየ። ነዳጁ እስኪያልቅ በላያቸው እየዞረ የነፍስ አድን ጀልባውን መራላቸው፣ ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ የባሕር ዳር አሸዋ ላይ አረፈ። ስምንቱም ዳኑ። በማረፊያው ላይ ግን አንድ በግ ነበረ። ባሕር ኃይሉ መረመረና "ነዳጅ ያለ ፈቃድ አባክኗል፣ አንድ በግ ገድሏል" ብሎ የጽሑፍ ወቀሳ ሰጠው። ኒሻን የለም፣ ምስጋናም የለም። በጉ የማን እንደነበር ግን ሦስት ደብዳቤ ተጽፏል።

እኛ ሰፈር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የድሮ ሰዎች ባሕር ድርሻውን አይረሳም ይላሉ። ከአፉ የነጠቅኸውን ሰው ምትክ ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜም የሚወስደው ነጣቂውን ነው። አያቶቻችን ዋና የማይማሩት በዚህ ምክንያት ነበር። ስምንት ሰው ብዙ ነው፤ አሮጊቶቹ ማንሲን ሲያዩ ያዝኑለት ጀመር። ኢንጋ በአጉል እምነት አላምንም ትል ነበር፣ ግን ከዚያ ወዲህ ዘንቢሉ ሲነሣ ከመስኮቱ አትርቅም፤ ሲመለስ ካላየች ምሳ አትበላም።

መጋቢት ላይ የጠላት አውሮፕላን መጥቶ ከዳነክ ማዶ ረግረግ ላይ ሁለት ቦምብ ጣለ። ጭቃ ተረጨ፤ ሌላ ነገር አልሆነም። በማግስቱ የጠላት ራዲዮ "ዳነክ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ በአየር ድብደባ ሰጥማለች" ብሎ አወጀ። የመርከቡ ሰዎች እራት ላይ ሆነው ሰሙት፤ እየሳቁ ለሟች ነፍሳቸው አንድ አንድ ጠጡ።

ያልሳቀው በደቡብ፣ በአንድ የመዝገብ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ጸሐፊ ነው። ይህ ሰው መርከቦችን የሚያውቀው በዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ላይ ዳነክ አለች፤ መርከብ ናት፤ መርከብ ይሰጥማል። በቀይ ቀለም አሰመረባትና ስድሳ አንድ ቴሌግራም እንዲላክ አዘዘ።

የኩርቢስተር ሰው ከስድሳ አንዱ ውስጥ አንድ ብቻ ስለ ነበር ኢንጋ ዘንድ አንድ ቴሌግራም ብቻ መጣ። ጠዋት ነው፤ ፊደል በፊደል ተቀበለችው። ለሲገርድ ፍሌት። ልጅዎ መርከቡ ስለ ሰጠመች ጠፍቷል፤ ሞቷል ተብሎ ይታመናል። ከብዙ ዓመት በኋላ ስጠይቃት እንደነገረችኝ፣ እጇ እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ አልቆመም። ከዚያ ቀና ብላ በመስኮቱ አየች። ዳነክ እዚያው አለች፤ አራት ላሞች ቆመውባታል። ያም ሆኖ ወረቀቱን ደግማ አነበበችው። እንዲህ ያለ ወረቀት አንዴ የጻፈ እጅ ዳግመኛ ሲጽፍ መስኮት አይታየውም።

የፖስታ ቤት ደንብ ቴሌግራም በእጅ ይሰጣል ይላል። ኢንጋ ብስክሌቷን ይዛ በሩ ላይ ስትደርስ ጠባቂው ፈቃድ ጠይቂ አላት።

"መርከቧ እኮ ሰጥማለች" አለችው ወረቀቱን እያሳየች።

ጠባቂው አነበበውና አሰበ። "ብትሰጥምም ፈቃድ ያስፈልጋል" አለ።

በረት ውስጥ አንዲት ላም ምጥ ይዟት ነበር። ጥጃው ዞሮባት ማንሲ ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ ተጋድሟል፤ ሲገርድ ጭራዋን ይዘዋል። ኢንጋ ለአባባ ሲገርድ ቴሌግራም አለ አለች። ሲገርድ እጄ ቆሻሻ ነው፣ አንቺው አንብቢው አሏት። አነበበችው።

ሲገርድ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ሟች፣ እግሩን አገኘኸው?" አሉት።

"አንዱን አግኝቻለሁ" አለ ማንሲ።

"በል ሳብ።"

ጥጃው ወጣ። ማንሲ እጁን በገለባ እየጠረገ ዞር ሲል ኢንጋ በማለቢያው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ በሳቅ መስሎት ነበር፣ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሰው ሲሰማ እኔ ፈጥሬ የማወራ ይመስለዋል። ለሟች ቀለብ አይላክም፤ ስለዚህ የዳነክ ስንቅ ተቋረጠ። ስድሳ አንድ ሙታን የሲገርድን ድንችና ቀይ ሥር እየበሉ ሰነበቱ። ቄስ ሊዝክ የማንሲንና የኢንጋን የጋብቻ ማስታወቂያ አንድ እሁድ አንብበው ነበር፤ ሁለት ይቀራል። መዝገቡን ሲያዩ ግን ሙሽራው ሟች ነው። ቄሱ መልካም ሰው ናቸው፣ በማንሲ ጉንጭ ላይ ያለውን ብጉር ሳይቀር ያያሉ፣ ሆኖም ሟችን ማጋባት ቤተ ክርስቲያናችን እስካሁን አልፈቀደችም አሉ። ከአለቃህ ደብዳቤ አምጣ አሉት። አለቃው ኮማንደር ፔንጌሊ በደስታ ጻፉ። ደብዳቤው ደቡብ ደርሶ ተመለሰ፤ ጠርዙ ላይ "ፈራሚው በሕይወት የለም" ይላል።

ኮማንደሩ ቁጡ ሰው ነበሩ። መርከቤ አልሰጠመችም ብለው ሁለተኛ ጻፉ። ቢሮው መርከቧ ያለችበት ጥልቀት ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ኮማንደሩ ከባሕር ወለል በላይ ስድሳ ሜትር ብለው መለሱ። ቢሮው ከተወያየ በኋላ ይህ ቁጥር የተገለበጠ እንደሚመስለው ገልጾ፣ መርከቧን ጎትቶ ማውጣት ይቻል እንደሆነ በትክክል እንዲነገረው ጠየቀ። ኮማንደሩ ከዚያ ወዲያ ለሁለት ቀን ማሳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ገብሱን ያዩ ነበር አሉ።

በመጨረሻ ቢሮው መፍትሔ አገኘ። መርከቧ ሰጥማለች፤ ይህ ተመዝግቧልና አይለወጥም። ነገር ግን ሰዎቹ በሕይወት ካሉ ከአደጋው የተረፉ ናቸው ማለት ነው። ለተረፉ ሰዎች ቅጽ አለ። ቅጹን የሞላ ሁሉ ሕያው ይሆናል፣ የዐሥራ አራት ቀን ዕረፍት ያገኛል፣ ከዚያም ወደ ሌላ መርከብ ይዛወራል። የማንሲ አዲስ መርከብ ስሟ ተጠቅሷል፤ እውነተኛ አውሮፕላን ተሸካሚ ናት፣ ሰሜን ባሕር ላይ።

የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸ ነው። ቢፈርም ሕያው ይሆናል፣ ግን ባሕር ላይ ይሄዳል፣ ኢንጋም ቀለበቱን ትመልሳለች። ባይፈርም ሟች ሆኖ ከገብሱ ጋር ይቀራል፣ ግን ሟችን የሚያጋባ ቄስ የለም። ስድሳው ፈረሙ። ማንሲ ቅጹን በኪሱ ይዞ ሁለት ቀን ላሞቹን ሲዞር ዋለ። በሦስተኛው ቀን ፖስታ ቤት ሄዶ ሁሉንም ነገራት፤ አንድም ነገር አላስቀረባትም። ቀለበቱን ብትመልሺልኝ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፣ አንቺን አታልዬ ማግባት አልፈልግም አላት።

ኢንጋ ቅጹን ተቀብላ አነበበችው። ከግርጌው ለምስክር የተተወ ቦታ አለ፤ "የተረፈው ሰው በሕይወት ወደ የብስ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ" ይላል። እዚያ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"እኛ ቤት ይህን ወረቀት የሚያመጣ ስንት ዓመት ጠበቅን መሰለህ" አለች። "እናቴ እስክትሞት ድረስ ከመስኮት አልተነሣችም። የተረፈ አለ የሚል አንድ ወረቀት አልመጣም።"

ኢንጋ ከመሳቢያው የዚያን ዕለቱን ቴሌግራም ቅጂ አወጣች፤ ከቅጹ ጎን አስቀመጠችው።

"ባሕሩ ድርሻውን ይወስዳል ይላሉ አይደል?"

"ይላሉ።"

"እንግዲህ ወስዷል። ይኸው፣ በእጄ ጻፍኩት። ሰጠመ ይላል፤ ስምህ አለ፣ ቀኑ አለ። አንዴ የወሰደውን እንደገና ሊጠይቅ አይመጣም።" ፊቷ እንደ ወረቀቱ ነጥቶ ነበር። "በል ና፣ ውጣ።"

ፖስታ ቤቱን ዘግታ ወደ ዳነክ በር ወሰደችው። እሱን ወደ ውስጥ አስገባችው፣ ራሷ ከውጪ፣ መንገዱ ላይ ቆመች። ሲገርድ ባልዲያቸውን ይዘው ፈቃድ ሊጠይቁ ደርሰው እዚያው ቆሙ።

"ውረድ" አለችው።

ማንሲ አንድ እርምጃ ተራመደ። ከገብሱ ወደ መንገዱ፣ ከመርከብ ወደ የብስ። ኢንጋ እግሩ መሬት ሲነካ አየች፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ሌላኛው እግሩም እስኪደርስ ጠብቃ አየች። ከዚያ ቅጹን የሲገርድ ባልዲ ቂጥ ላይ አድርጋ ፈረመች፣ ፈርማም አለቀሰች። ለአባቷና ለወንድሞቿ ያላለቀሰችውን ጭምር ነው ያለቀሰችው፤ ይህን ራሷ ነግራኛለች። ጠባቂው ባርኔጣውን አወለቀ። ሲገርድ ብቻ ላሞቹ ይጠብቃሉ አሉ።

ሠርጉ በዕለቱ፣ በሚያዝያ ሁለተኛ ቅዳሜ፣ በሲገርድ ጎተራ ተደረገ። የሙሽራዋ የእንጨት ዋንጫ፣ ትኩስ ቢራና ውስኪ የተቀላቀለበት፣ በፀሐይ አዟዟር ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ስድሳ አንድ ተራፊዎች ጠጡበት፤ ኮማንደር ፔንጌሊ ሦስቴ ደረሳቸው። ከሠርጉ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ የኒሻን ወረቀት መጣ። ቢሮው ተራፊ ካለ ጀግና መኖር አለበት ብሎ ማን በቦታው እንደ ነበር ኮማንደሩን ጠይቆ፣ ኮማንደሩም ጨዋታ ገብቷቸው የማንሲን ስም ሰጥተው ነበር። ጽሑፉ "መርከቡ ስትሰጥም እስከ መጨረሻው ከቦታው ያልተንቀሳቀሰ" ይላል።

ማንሲ ይህን ሲያነቡለት በጥሞና ሰማ። "እውነት ነው" አለ። "ክንዴ ላም ውስጥ ስለ ነበር መንቀሳቀስ አልቻልኩም።"

አውሮፕላን ተሸካሚዋ ላይ ሦስት ዓመት ቆየ። ሦስት ዓመት አስመለሰው። ባልደረቦቹ ሲናገሩ፣ ሌላው አብራሪ ከመርከብ ሲነሣ ይፈራል፣ ማንሲ ግን ዘንቢሉ ውስጥ ሲገባ ፊቱ ይበራ ነበር፤ መሬት የረገጠ ያህል። አንዴ ሞተሩ ተመትቶ ባሕር ላይ ወደቀ። ውሃው በደቂቃ ሰው የሚገድል ነው። ሌሎች በዚያ ቀን የወደቁ አራት አብራሪዎች አልተገኙም፤ እሱን የዓሣ ጀልባ አወጣው። ኢንጋ ወሬውን በቴሌግራፍ ስትሰማ አልደነገጠችም አሉ። "ባሕሩ መኖሩን አያውቅም" ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ቢሮው ለሰጠመችው ዳነክ መታሰቢያ ድንጋይ እንዲቆም አዘዘ። አባቴ ስድሳ አንድ ስም የያዘ ዝርዝር ተላከለት። አባቴ የሟቾቹን ግማሽ በመልክ ያውቃል፤ ከአንዳንዶቹ ጋርም ጠጥቷል። ጻፈላቸው። ቢሮው አልተሳሳታችሁም ወይ ሲባል ዝርዝሩ ከነቀይ መስመሩ የተረጋገጠ ነው አለ። ድንጋዩ በተመረቀ ቀን ሠላሳ ስምንት ሟቾች ተገኝተው ስማቸውን አነበቡ። አንድ ትልቅ የባሕር ኃይል ሹም ለነፍሳቸው ጸሎት አስደረገ፤ እነሱም አሜን አሉ። አንዱ ብቻ ስሜ በአንድ ፊደል ተሳስቷል ብሎ አቤቱታ አቀረበ፤ አባቴ እስኪሞት ድረስ በዚህ ሰው ላይ ቂም እንደያዘ ኖረ።

በኋላ ቢሮው አፈረና በስህተት የተጻፈ ስም ያለው ሰው ቅጽ ሞልቶ ማስፋቅ ይችላል አለ። ማንሲ ቅጹን ሞላ። ኢንጋ በዚያው ቅጽ ምድጃ ለኮሰችበት።

ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው የገበሬ ኑሮ ነው። ማሳው ተመለሰ፣ ገብስ ተዘራ፣ ሲገርድ አርጅተው ሞቱ፣ ሁለት ሴት ልጆች ተወለዱ። ድንጋዩ ከማሳው መካከል ቆሞ ላሞች ጎናቸውን ያኩበታል። በየዓመቱ በኅዳር የሙታን መታሰቢያ ቀን ማንሲ ኒሻኑን ደረቱ ላይ ሰክቶ ለራሱ የአበባ ጉንጉን ያስቀምጣል። ወደ አበርዲን ለመሻገር መርከብ ላይ ሲወጡ እሱ ባልዲውን አቅፎ ሲያስመልስ ኢንጋ ከጎኑ ሹራብ ትሠራ ነበር፤ ባሕር አንድም ቀን አልፈራችም። ስለ ስምንቱ ሰዎችና ስለ በጉ ማንም ኒሻን አልሰጠውም። ከስምንቱ አንዱ ግን በየገናው ከኖርዌይ አንድ የደረቀ ዓሣ ይልክለት ነበር፤ ማንሲ ከኒሻኑ ይልቅ የሚያሳየው ያንን ዓሣ ነው።

ማንሲ በኅዳር፣ አልጋው ላይ፣ ኢንጋ እጁን ይዛው ሞተ። በቀበርነው በማግስቱ ኢንጋ ወደ ድንጋይ መቅረጫ ቤቴ መጣች። ለመቃብሩ ጽሑፍ መስሎኝ ብዕር አነሣሁ።

"ማሳው ላይ ካለው ድንጋይ ስሙን ፋቅልኝ" አለችኝ።

"እማማ ኢንጋ፣ ሲሳሳት ኖሮ አሁን ገና ትክክል ሆነ እኮ" አልኳት።

"አልሆነም። እዚያ የተጻፈው ሰጠመ ነው። የኔ ባል አልሰጠመም፤ እግሩ ደረቅ ሆኖ አልጋው ላይ ነው የሞተው።"

መሣሪያዬን ይዤ ተከተልኳት። የዳነክ በር ከፈረሰ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ሁለቱ ምሰሶዎች ብቻ ቀርተዋል። እሷ ግን በመካከላቸው ቆማ "መርከቡ ላይ ለመውጣት ፈቃድ እጠይቃለሁ" አለች። ጥቂት ጠብቃ ገባች። ድንጋይ ላይ ያለ ስም ሲፋቅ በቀላሉ አይጠፋም፤ ዙሪያውን ዝቅ ማድረግ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይወስዳል። ኢንጋ እስክጨርስ ድረስ ጀርባዋን ለነፋስ ሰጥታ ቆመች። የመጨረሻው ፊደል ሲሄድ ወደ ባሕሩ ዞረች።

"ዐርባ ሰባት ዓመት ደበቅሁበት" አለች። "አሁን ይወቅ።"

እኔ አቧራውን እፍ አልኩና መሣሪያዬን ሰበሰብኩ።